ለጋሼ ይልማ የመረጥኩት ሪቮልቨር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ "እንኳን ደስ አለሽ፣ አረፍሽ!" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ከምን እንዳረፍኩ ግን አብዛኞቹ አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ የፍሌሚንግተን ሴቶች ዕድሜዬን ሙሉ ቢሮ ሳጸዳ የኖርኩ ይመስላቸዋል። አንዷማ "ኤጅድ ኬር ነበርሽ አይደል? ሽማግሌ ማንሳት ወገብ ይጨርሳል" ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ልጄ ሄለን ደግሞ ለጓደኞቿ "ማሚ ካርፔንተር ናት" ነው የምትለው። ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ነው የተናገረችው። ሙሉውን እኔ ልናገር። አስካለ እባላለሁ፤ ሜልበርን ውስጥ ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለ የጠመንጃ መጠገኛ ወርክሾፕ የሽጉጥ እጀታ ስጠርብ፣ ለሰው እጅ የሚሆን ሽጉጥ ስመርጥ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እጁን አይቼ የመረጥኩለት ሰው "አልተመቸኝም" ብሎ ሲመለስ አላየሁም። ጉራ ነው ካላችሁ፣ አዎ ጉራ ነው። በሥራዬ ካልኮራሁ በምን ልኮራ?

ሙያው ከአባቴ ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ አናጢ ነበር፤ አልጋና ሣጥን ይሠራል፣ የባላገሩን የተሰነጠቀ የጠመንጃ ሰደፍም ይተካል። እንጨት በብርጭቆ ስባሪ ሲፋቅ ከአሸዋ ወረቀት የበለጠ እንደሚለሰልስ ያሳየኝ እሱ ነው። ጎረቤት መጥቶ "ይሄ የሴት ልጅ ሥራ ነው?" ሲለው፣ "እንጨቱ የማን እጅ እንደነካው በምን ያውቃል?" ይል ነበር። ከዚያ ዘመኑ ተበላሸ፤ ሱዳን ገባን፣ ከሱዳን ሜልበርን።

እዚህ መጀመሪያ የገባሁት ዶሮ ፋብሪካ ነው። ቅዝቃዜው ጣቴን የራሴ አላስመስል ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ ዲር ፓርክ ፈርኒቸር ፋብሪካ ገባሁ፤ ሥራዬ የጠረጴዛ እግር ሳንድ ማድረግ፣ በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ። ቦሳችን የአንዳችንንም ስም መያዝ ስላልቻለ ሁላችንንም "ዳርሊንግ" ይለን ነበር፤ ፂማሙን የቬትናም ሰውዬ ሳይቀር። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል የተረፈውን የዋልነት እንጨት ሊገዙ አንድ ረጅም ሽማግሌ መጡ። የመረጡትን ሳስጭን አንዱን ግንድ መለስኩባቸው።

"ይሄ ይሰነጠቃል" አልኳቸው በዚያ ሰባራ እንግሊዝኛዬ።

"ማን አለሽ?"

"አባቴ።"

ሳቁ። በሳምንቱ ተመልሰው መጥተው፣ የጠመንጃ ወርክሾፕ እንዳላቸው፣ እጀታና ሰደፍ የሚሠራ ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ፈቃዱና የፖሊስ ምርመራው ጊዜ ፈጀ። ደሞዙ ከፋብሪካው እምብዛም አይበልጥም፤ ሱፐሬ፣ የጡረታ ቁጠባዬ ማለት ነው፣ ግን ሳይዛነፍ ይገባልኝ ነበር። ሮይ ይባላሉ። "ሮይ በይኝ" ቢሉኝ፣ አባቴን የሚያክል ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አፌ እንቢ አለኝ። "ጋሼ ሮይ" አልኳቸው። ትርጉሙን ሲሰሙ ደስ አላቸውና ደንበኞቹም "ጋሼ" ማለት ጀመሩ።

ጋሼ ሮይ ደንበኛ ሲገባ "ምን ልስጥህ?" ብለው አያውቁም። መጀመሪያ ይጨብጡታል። ያንን ጭበጣ ያራዝሙታል፤ ሰውየው እጄን መልስልኝ ሊል ሲደርስ ይለቁታል። በዚያ መሃል የመዳፉን ስፋት፣ የጣቱን ርዝመት፣ አውራ ጣቱ ላይ የቆየ ስብራት እንዳለ አውቀው ጨርሰዋል። ቀጥሎ ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር የወተት ፕላስቲክ ያስይዙታል። "እጅህን ዘርግተህ ያዝልኝ እስኪ፣ ሻይ ላፍላ" ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሰውየው ማስቀመጥ ያፍራል። እሳቸው በጓዳው መስኮት ክንዱ መቼ መንቀጥቀጥ እንደሚጀምር፣ ትከሻው በየት በኩል እንደሚዘነብል ያያሉ። ሻዩን ይዘው ሲመጡ የሚሆነው ሽጉጥ ጭንቅላታቸው ውስጥ ተመርጧል።

"አስክ፣ ሰው ሽጉጥ የሚመርጠው ሳይደክመው ነው፣ የሚተኩሰው ግን ደክሞት ነው" ይሉኝ ነበር። እኔም ይህን ጨብጬ ያዝኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ በምንኖርበት በቪክቶሪያ ግዛት በሽጉጥ ማደን ክልክል ነው። ሽጉጥ የያዘ ሰው የክለብ አባል ሆኖ ዒላማውን ይመታል፤ ከዚያ ወደ ካዝናው፤ በቃ። ስለ አደን የሚያማክሩን ሕጉ ወደሚፈቅድበት አገር የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ ሪቮልቨር ነው፤ ያ ጥይቶቹ በክብ ሲሊንደር ውስጥ ተቀምጠው፣ በተኮስክ ቁጥር ሲሊንደሩ የሚዞረው ሽጉጥ። ጠንካራ ነው፣ ትልቅ ጥይት ይችላል።

አይ ወንድ! ሪቮልቨር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው መስታወት ነው። ሁሉም ትልቁን ይፈልጋል። በትልቁ ግን አንድ ሁለቴ ይተኩስና ሦስተኛው ላይ ገና ምላጩን ሳይነካ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንስሳውን ሆዱ ላይ ይመታል። ስለዚህ እኛ ከባዱን እንመርጥ ነበር፤ ክብደት ያለው ብረት ርግጫውን ራሱ ይውጠዋል። አፈሙዙ ረዘም ይላል፣ ማነጣጠሪያው ጥርት ይላል። መዶሻው አስቀድሞ በአውራ ጣት ይሳባል፣ ያኔ ምላጩ በትንሽ ትንፋሽ ይለቃል። ከሁሉ በላይ ግን እጀታው ነው። ከመሃል ጣትና ከምላጩ ቀለበት መሃል ባዶ ቦታ ከቀረ፣ ሽጉጡ ሲራገጥ ቀለበቱ ጣትን ይቀጠቅጣል። እዚያች ላይ እንጨት እሞላለሁ። መዳፉ ሥር ደግሞ እቀንሳለሁ፣ ጫን አድርጎ የሚይዝ ሰው ከሆነ ጀርባውን አሰፋለሁ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለው ተረት ለእኔ ሥራ የተተረተ ነው።

ርቀቱንም በሳህን ነበር የምንለካው። ትንሽ የኬክ ሳህን እንሰቅልና "ጥይትህ ሁሉ ሳህኑ ላይ እስኪያርፍ ቅረብ" እንላለን። የቆመበት ያ ቦታ የአደን ርቀቱ ነው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ አይጨመርበትም። ጋሼ ሮይ "ወንድሜ ቢመጣ በዚህች አልደራደርም" ይሉ ነበር። የቆሰለ እንስሳ ጫካ ገብቶ እንዲያድር የሚያደርግ መሣሪያ ከእሳቸው ቤት አይወጣም። እንስሳው እዚያው መውደቅ አለበት፤ ሳይሰማው።

ጉልበታቸው ሲከዳቸው ወርክሾፑን ግሌን ለሚባል ጎልማሳ ሸጠው ቤታቸው ተቀመጡ። ግሌን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ችኩል ነው። የጎማ እጀታ በካርቶን ያስመጣል፣ የደንበኛ እጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተር ይለካልኛል ይላል። "ኮምፒውተሩ የወተት ፕላስቲክ ይይዛል?" አልኩት አንድ ቀን። ምን እንደምል አልገባውም። እኔን ግን አልነካኝም፣ የድሮ ደንበኛ ሁሉ የሚመጣው ለእኔ ነዋ።

ጋሼ ይልማ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው።

ጋሼ ይልማን የማያውቅ ሰው የለም። የዌስት ፉትስክሬይ ሰው ናቸው፣ ጾም የማያስታጉሉ፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው፣ ተጣላ የተባለ ባልና ሚስት ካለ የሚጠሩ ሽማግሌ። የቀኝ ትከሻቸው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሱ ኖረው አልቋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ያላቸው አንድ ልጅ ዳዊት ነው። ዳዊት እዚሁ ፍሌሚንግተን አድጎ፣ ተምሮ፣ ወደ ጰንጠቆስጤው ሄደ፤ እሳቸው እንደሚሉት "ጴንጤ ሆነ"። ያኔ በንዴት "ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያረድከውን አልቀምስም" አሉት። ተናግረው ጨረሱ። ልጁ ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ ገባ፤ ዓመታት በስልክ "ደህና ነህ? ደህና ነኝ" ብቻ ሆኖ ቀረ።

"አስካለ፣ ዳዊት ጠራኝ" አሉኝ ወርክሾፑ መጥተው። ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ሆኗል።

"እሰይ! እልል በሉ እንጂ!"

"ቆይ አትቸኩይ። ልጁ አዳኝ ሆኗል። ቤቱ የሚበላው ሥጋ የአጋዘን ነው፣ ራሱ አድኖ። እንግዳ የሚያከብረው በዚያ ነው። እኔ ደግሞ የእሱን አልበላም ብያለሁ። ታዲያ አሰብኩት። አጋዘን ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ይበላል። እኔ ራሴ ባድነው፣ ማዕዱ የእሱ ይሆናል፣ ቃሌም አይፈርስም። አብረን እንበላለን።"

ዓይኔ ውሃ ሞላ። ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር አንድ ገበታ ለመቅረብ ያገኙት ቀዳዳ ይህች ነበረች።

ጠመንጃ አይሆንላቸውም፤ ሰደፉ የሚያርፈው በዚያ ባለቀ ትከሻ ላይ ነው። ሪቮልቨር ግን በሁለት እጅ ተይዞ ይደገፋል፤ ርግጫው እጅን ወደ ላይ ያነሳል እንጂ ትከሻን አይወጋም። ዳዊት ከዚያ መሣሪያውንና የአደን ፈቃዱን ሊያዘጋጅ፣ የትኛው እንደሚሆን ከዚህ እኛ ልንነግረው ተስማማን። ጨበጥኳቸው፣ ፕላስቲኩን አስያዝኳቸው፣ ሻይ ላፍላ ብዬ ጓዳ ገባሁ።

"አስካለ! ይሄን ውሃ ልጠጣው ነው ወይስ ላሳድገው?" ብለው ጮኹ።

ቀኝ ክንዳቸው ወዲያው ይወርዳል፣ ግራው ጽኑ ነው። እንግዳ በሚፈቀድበት ቀን ክለብ ወስጄ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ የተለያየ አስተኮስኳቸው። ሦስት ሃምሳ ሰባት የሚባለው የጥይት መጠን ቀለላቸው፤ እኔ ግን ለአጋዘን እሱን አላምነውም። አርባ አራት ማግነም መረጥኩ፤ ከባዱን፣ ረጅም አፈሙዝ ያለውን፣ ርግጫው ለዘብ ካለ ጥይት ጋር። እጀታውን ከዋልነት ጠረብኩላቸው፤ በግራ እጅ በኩል ወፈር አድርጌ፣ ክብደቱ ወደ ደህናው እጅ እንዲመጣ። ሳህኑን ሰቀልን፣ ቀረቡ፣ ቀረቡ፣ ሁሉንም ሳህኑ ላይ አሳረፉ። ግሌን ራሱ ስልኩን አስቀምጦ አጨበጨበ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእጄ ከወጡት ሁሉ እንደዚያ የተዋጣ ምርጫ አላስታውስም። ሁለቱን የእጀታ ክፋይ ዳዊት እዚያ መሣሪያው ላይ እንዲገጥማቸው በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ወረቀቱን አሟልተን ሸኘኋቸው።

ከነቢያት ጾም በፊት ሄደው ተመለሱ። ደወልኩ፣ አላነሱም። በኋላ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመው አየኋቸው።

"እህሳ! ወደቀ?"

"ወደቀ።"

"ስንት እርምጃ ሄደ?"

"ምን ይሄዳል። እዚያው። እንደ ጆንያ።"

"እሰይ! እኔ አስካለ!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት።

"ምን እሰይ ትያለሽ?" አሉኝ። "ቢላዬን ይዤ ስደርስ ሞቷል። ዓይኑ ፈዟል። ደሙ እንኳ በወጉ አይወርድም። ማንን ልረድ? በድን ላይ በስመ አብ ይባላል?"

ይሄ እንዴት አመለጠኝ! እኔ ያልታረደ ሥጋ በአፌ ዞሮ የማያውቅ ሴት! ሥጋ ቤት ገብቼ "ያረደው ማነው?" ሳልል ከረጢት የማልይዝ! እጃቸውን ለካሁ፣ ትከሻቸውን ለካሁ፣ ርቀቱን ለካሁ፣ እንስሳው ከወደቀ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አንዳችንም አላነሳነውም። እሳቸው ቢላዋ ይዘው ደርሰው የሚያርዱት መስሏቸው ነበር፤ ነገሩ ግልጽ ስለሆነባቸው አልነገሩኝም። እኔ ደግሞ እዚያው የሚጥል ሽጉጥ መረጥኩ፤ ሥራዬ እሱ ስለሆነ። ሽጉጡ ያደረገው የታዘዘውን ነው። ሳይጠየቅ የቀረው የሰውየው ጉዳይ ነው።

"ዳዊት ምን አለ?"

"ምን ይላል? አቅፎኝ ሲዘል ነበር፤ 'አባባ! ዋን ሾት! ዋን ሾት!' እያለ። ማታ ጠብሶ አቀረበ። አላነሳሁም። 'ጾም ነው እንዴ?' አለኝ። አይደለም አልኩት። ሳህኑን አየው፣ እኔን አየኝ። 'የገደልከው አንተ ነህ፣ አባባ። በእኔ እጅ አልተነካም። አሁንም አትበላም?' አለኝ። ከዚያ በኋላ ኤርፖርት እስክንደርስ በእንግሊዝኛ ነው ያናገረኝ።"

ተቀመጡ። ላጽናናቸው ወንበሬን አስጠጋሁ። እሳቸው ግን ለለቅሶ አልመጡም፣ ለሥራ ነው የመጡት።

"አሁን ትንሽ ምረጪልኝ" አሉ። "የሚጥል፣ የማይገድል። እግሩን የሚሰብር ይሁን። እስክደርስ ይቆይልኝ።"

"አልመርጥም፣ ጋሼ ይልማ።"

"ምን አልሽ?"

"እንዲህ ያለ ሽጉጥ የለም። ለቢላዎ የሚያቆይልዎት ሽጉጥ ጫካም ያስገባዋል። እግሩን ሰብረውት ሄዶ ሳር ውስጥ ሲያጣጥር ቢያድር፣ ጠዋት በስመ አብ ቢሉበት ለማን ይጣፍጣል?"

ተነሱ። እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ። የፈረንጅ እንጀራ ሃይማኖትሽን አስረስቶሻል። ልጄን አንድ ጊዜ አጣሁት፤ ሁለተኛ ያሳጣሽኝ አንቺ ነሽ!" ብለው በሩን ወርውረውት ወጡ። ግሌን ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ "ኤቭሪቲንግ ኦኬይ?" አለ። ምኑ ኦኬይ! ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያን ሁሉ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው እንግዲህ። ነገሩ አንገበገበኝ፤ ስለሰደቡኝ አይደለም። ገበታው ባዶ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ጋሼ ሮይ ዘንድ ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ስለ እርዱ፣ ስለ በስመ አብ፣ ስለ ልጁ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ሽጉጡ ሠርቷል?" አሉኝ።

"ሠርቷል።"

"ሰውየው አልሳተም?"

"አልሳቱም።"

"እንግዲያው የሽጉጥ ችግር አይደለም። የሽጉጥ ችግር ያልሆነን ነገር በሽጉጥ ልታስተካክይው አትሞክሪ፤ የባሰ ታበላሺዋለሽ። እምቢ ማለትሽ ልክ ነው።" ከዚያ ትንሽ አሰቡና "እኔም ግን አልጠይቅም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እስኪወድቅ ድረስ ብቻ ነው የጠየቅኩት" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሲመጣ አንዲት ጥያቄ ጨመርኩ፤ "ከወደቀ በኋላ ምን ልታደርግ ነው?" ግሌን መጀመሪያ ሳቀብኝ። ግን በዚህች ጥያቄ ምክንያት ስንቱ ዓላማውን አስተካከለ መሰላችሁ። አንዱ ቀንዱን ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ነው፣ ሌላው ሥጋውን ለጎረቤት ሊያከፋፍል፣ አንዱማ ጭራሽ አስቦት ስለማያውቅ አደኑን ትቶ ካሜራ ገዛ። ሥራዬ ተሻሻለ። ለጋሼ ይልማ ግን ምንም አልጠቀማቸውም።

ዓመቱ ዞረ። እኔም ጡረታዬን ጠየቅኩ፤ ወገቤ በርግጥ አልቆ ነበር፣ ያቺ ሴትዮ በዚያስ አልተሳሳተችም። የገና በዓል እንዳለፈ፣ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ጋሼ ይልማ ገቡ። የመጡት ከቴክሳስ ነው። ፊታቸው ላይ የማላውቀው ነገር አለ፤ አፍረዋልም፣ ደስ ብሏቸዋልም።

"ሥራ አቆምሽ ወይ?"

"ሳምንቱ ሲያልቅ።"

"እንግዲያው ደረስኩ" አሉና ወረቀት ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የሰው መዳፍ ነው፤ ወረቀት ላይ ተጭኖ ዙሪያው በእስክሪብቶ የተሳለ። "ለዚህ እጅ የሚሆን ቢላዋ ሥሪልኝ። ብረቱን ገዝቻለሁ፣ እጀታውን ነው።"

"የማን እጅ ነው?"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። መጀመሪያ ሊነግሩኝ የፈለጉት ሌላ ነው።

ዳዊት ለእኛው ለሐበሻ ገና፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ትኬት ላከላቸው። ሄዱ። አደን የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። የገና ለት ጠዋት ጓሮ ሲወጡ በግ ታስሯል። ዳዊት ቢላዋ ይዞ ቆሟል። "አባባ፣ እርስዎ ይረዱት። ከዚያ እንበላለን" አላቸው።

"እርስዎ አለኝ" አሉኝ ጋሼ ይልማ። "ይሄ አሜሪካዊ! ቢላውን ተቀበልኩት። በጉን ጣልነው። እጄን ባነሳ፣ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። ጉልበት የለውም፣ አስካለ። ሁለተኛ ሞከርኩ። በጉ ይወራጫል፣ እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጄ እግሩን ይዞ ያየኛል። እንስሳውን ላሰቃየው ነው እንዴ አልኩ። አንቺ ያልሽኝ ትዝ አለኝ፣ እግዜር ይይልሽ፣ እዚያም አልተውሽኝም።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ቢላውን ሰጠሁት። 'እረድ' አልኩት።"

እጄ ላይ የነበረውን መፋቂያ አስቀመጥኩ።

"'እኔ?' አለኝ። 'አንተ ነህ ሌላ ማን አለ?' አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። 'በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ' አለ። ሳይደናቀፍ። አንድ ፊደል ሳይጥል። ማን አስተማረህ ልለው ነበር፤ ለካ እኔ ነኝ፤ ሕፃን ሆኖ ፍሌሚንግተን ፎቁ ላይ አስቀምጬ። በአንዴ ጨረሰው። ግን ያ የወጥ ቤት ቢላዋ ተንሸራቶ እጁን ትንሽ ቆረጠው፤ እጀታው ፕላስቲክ ነው፣ አይጨበጥም።"

መዳፉ የተሳለበትን ወረቀት በጣታቸው ዳበሱ። እኔ ደግሞ ባላየሁት በግ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መጠየቅ ፈራሁ፤ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

"በሉ?"

ጋሼ ይልማ መሃረባቸውን አወጡ። "ጎኑን አቀረበልኝ" አሉ። "አጥንቱን ጋጥኩት። ልጄ የሚያየው አፌን ነው። ሌላ ድገመኝ አልኩት። ያ ሁሉ ዓመት፣ አስካለ... ስለ ሥጋ!" ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ግሌን ሁለት ሻይ አምጥቶ አስቀመጠና በሩን ዘግቶልን ወጣ፤ ያን ቀን ወደድኩት።

እጀታውን በሦስት ቀን ሠራሁት። ከዋልነቱ የቀረችኝን የመጨረሻ ቁራጭ አዘጋጀሁ፣ በብርጭቆ ፋቅኩት፣ ዘይት አጠጣሁት። ደም ሲነካው እንዳያንሸራትት ሆዱ ላይ ጥቂት ቦይ አወጣሁለት። ጣቶቹን ከወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ እየለካሁ ነው የሠራሁት፤ ረጃጅም ናቸው፣ የእናቱን ጣቶች ሳይወስድ አይቀርም።

ጋሼ ይልማ ሊወስዱት ሲመጡ ከጨርቁ አውጥተው ያዙት። ወዲያ ወዲህ አገላበጡት። በቀኛቸው ያዙት፣ በግራቸው ያዙት፣ እንደገና በቀኛቸው። ለልጃቸው እጅ ያዘዙት መሆኑን ረስተው ቅር አላቸው።

"አስካለ፣ ለእኔ እጅ አይሆንም እኮ" አሉኝ።

"ለእርስዎ አልሠራሁትማ" አልኳቸው። "የሚያርደው ዳዊት ነው፤ የእርስዎ መብላት ነው።"